ከልደታ ወደ ሻርጃ፦ ለስስ ቀለም የሚሆን ፖሊሽ

ከአገር የወጣሁበት ቀን ዝናብ ነበር። የነሐሴ ዝናብ የልደታን መንገድ ምን እንደሚያደርገው ለእናንተ አልነግራችሁም። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሻንጣዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ስወጣ አጎቴ ሰይድ የአንድ ታክሲ ስፖርቴሎ፣ በሩን ማለቴ ነው፣ አውልቀው በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋሉ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ የመኪና ቀለምና ፖሊሽ ያስተማሩኝም እሳቸው። ጋራዥ እንለዋለን እንጂ ዙሪያውን ቆርቆሮ የለበሰ የኪራይ ግቢ ነው። ያን ጊዜ ሰፈሩ ለኮንዶሚኒየም ሊፈርስ ተለክቶ ግማሹ ጎረቤት ወጥቷል፤ እኛም ለመልቀቅ የቀረን ጥቂት ወር ነበር። ደንበኛው ቀድሞን ሄዷል።

«ጋሼ፣ ልሄድ ነው» አልኳቸው።

እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው አቀፉኝ። «ሂድ፣ አላህ ይርዳህ። አውሮፕላን አይጠብቅም» አሉና ወደ ስፖርቴሎው ዞሩ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። የተሳፈርኩበት ታክሲ ሰንጋ ተራን እስኪያልፍ ድረስ ተቆጥተውብኝ ይሆን እያልኩ ሄድኩ።

ሻርጃ ስደርስ የተቀበለኝ ሙቀት የዳቦ ቤት ምድጃ ሲከፈት ፊት ላይ እንደሚመጣው ነው፤ ልዩነቱ ይኸኛው አይዘጋም። ቪዛውን የላከልኝ የሰፈራችን ልጅ ነበር፤ የተገኘው ቪዛ የአናጢ ስለሆነ ወረቀቴ ላይ «አናጢ» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ምን አውቄ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ ለጸሐፊው እውነቱን ነገርኩት።

«አናጢ ነህ?» አለኝ።

«አይ፣ እኔ መኪና ነው ፖሊሽ የማደርገው።»

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «ወረቀቱ አናጢ ይላል።»

«ወረቀቱ ተሳስቶ ነው።»

«ወረቀት አይሳሳትም፤ ሰው ነው የሚሳሳተው። እንደገና ልጠይቅህ። አናጢ ነህ?»

«አናጢ ነኝ።»

«ማሻአላህ! ቀጣይ!»

ቤት ፍለጋውም እንደዚያው ነው። እዚህ ለእኛ ቢጤ የሚከራየው ቤት ሳይሆን አልጋ ነው፤ በድ ስፔስ ይሉታል። ስምንት ሰው በአንድ ክፍል። አከራዩ ፂሙን በሂና የቀባ፣ ቁልፍ በወገቡ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነበር።

«ምግብ ማብሰል ይቻላል?» አልኩት።

«ማብሰል ይቻላል፤ ሽታ አይቻልም።»

«የእኛ ሽሮ ነው፣ ቀላል ነገር...»

«ይሸታል?»

«ይሸታል።»

«አይቻልም።»

«ታዲያ የማይሸት ምግብ ምንድን ነው?»

ትንሽ አሰበና «ኹብዝ» አለኝ። ኹብዝ የእነሱ ስስ ዳቦ ነው፤ እውነትም አይሸትም፣ አይጣፍጥምም። በግንቦት ልደታ ጎረቤቶቻችን በየደጁ ንፍሮ ሲቀቅሉ ለእኛ በሳህን ሳይሰጡን አያልፉም፤ እኛም በረመዳን ሳምቡሳ እንልክላቸዋለን። እዚህ ከግድግዳው ወዲያ ካለው ሰው ጋር ራስ ለራስ ስምንት ወር ተኝቼ ስሙን አላወቅኩትም። ሥራ ላይ ስሆን ክፍሉ ይናፍቀኛል፣ ክፍሉ ውስጥ ስሆን ሥራው፣ ሁለቱም ቦታ ላይ ልደታ።

ሥራዬ አቡ ሳሚር በሚባል ሊባኖሳዊ የመኪና ፖሊሽ ሱቅ ውስጥ ነበር። ቁጡ ነው፣ ክፉ ግን አይደለም። መደርደሪያው ላይ የፖሊሹ ብዛት የፋርማሲ ይመስላል። እኛ ልደታ የምናውቀው ኮምፓውንድ የሚባል አንድ ሻካራ ፖሊሽ ነው፤ ማሽኑን ጭነን እስኪያብረቀርቅ መፈተግ። መኪናውም ይችለዋል፤ የተጎዳውን በምንሞላበት ስቱኮ ላይ ቀለም፣ ቀለም ላይ ቀለም እያልን የደራረብንበት ነው። እዚህ ግን መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ። ይኼን የነገረኝ አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ቀይ መኪና ኮፈን እንደለመድኩት ስፈትግ ጠርዙ ላይ ላዩ አለቀ፤ እንደ ሳንቲም የምታክል ነጭ ብቅ አለች። ልሸፍናት አልቻልኩም፤ ሄጄ ነገርኩት።

አቡ ሳሚር ነጯን ነገር በጣቱ ነካት። «በእናንተ አገር መኪና የሚሠራው ከምንድን ነው?»

«ከስቱኮ» አልኩት።

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። «አንድ ሌላ እንደዚህ፣ ኻላስ፣ በቃ፣ የአገርህን ቲኬት ትቆርጣለህ።»

ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓቴን የተጣለ ኮፈን ላይ ስለማመድ ከረምኩ። ከሁሉ በፊት ቀላሉን ሞክር፣ ከበቃ አቁም። ነገሩ ይኸው ነው። እጄ ግን እምቢ ይላል፤ ጫን፣ ጨምር ይለኛል።

አንድ ቀን አንዲት አስተማሪ ጥቁር መኪናዋን አመጣች። ለዓመታት በብሩሽ ሲታጠብ ኖሮ ፀሐይ ላይ ሲቆም መላው አካሉ በስስ ጭረት የሸረሪት ድር ይመስላል። ስፖርቴሎው ላይ ደግሞ ሁለት ጠለቅ ያሉ ጭረቶች አሉት። ለዐስር ሶላት ሰዓት እመለሳለሁ ብላ ሄደች። አቡ ሳሚር «እንደ መስታወት እንዲሆን ነው የምፈልገው» አለኝና ጠንካራውን ፖሊሽ እጄ ላይ አስቀመጠ።

አልተጠቀምኩበትም። ስፖርቴሎው ላይ መዳፍ የምታክል ቦታ ለይቼ፣ ከሁሉ የላላውን፣ እንደ ወተት የሚፈሰውን ፖሊሽ በለስላሳ ስፖንጅ ሞከርኩ። ድሩ ጠፋ። ሁለቱ ጭረቶች ግን አሉ። ከጎኑ አንድ ደረጃ የሚበረታውን ሞከርኩ፤ ጭረቱ ትንሽ ደበዘዘ፣ ቀለሙ ግን እንደ ተነፈሱበት መስታወት ጭጋግ ለበሰ። አቡ ሳሚር የቀለም ውፍረት የምትለካ መሣሪያ ነበረችው፤ በመሳቢያ ይቆልፍባታል። ለምኜ ተቀበልኩት። ጣሪያው ላይ ደህና ነው። ስፖርቴሎው ላይ ግን ቁጥሩ የጣሪያውን ግማሽ አይሞላም። ከእኔ በፊት አንድ ሰው፣ እንደ እኔ ያለ ሰው፣ ፈትጎ ጨርሶታል።

መላውን መኪና በላላው ጨረስኩ።

«ጭረቱ አለ!» ብሎ ጮኸ አቡ ሳሚር።

«አለ። እሱን ካወጣሁ ቀለሙም አብሮ ይወጣል።»

«ደንበኛዋ እሱን አታውቅም! የምታየው ጭረቱን ነው!»

«ታዲያ እኔ እነግራታለሁ።»

ቲኬቱ ታይቶኛል፤ ባዶ እጄን ልደታ ስወርድ ታይቶኛል። ሴትዮዋ መጣች፣ ዞራ አየች፣ ጭረቱ ላይ ቆመች። በዚያ በተሰባበረ አረብኛዬ «ዛሬ ባወጣው ያምራል፤ ከዓመት በኋላ ግን ይላጣል» አልኳት፤ ያችን መለኪያ አስጠግቼ ቁጥሩን አሳየኋት። ብዙም ደስ አላላትም። «እሺ» ብላ ሄደች። አቡ ሳሚር ያን ቀን አላናገረኝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ሴትዮዋ የባሏን መኪና ይዛ ተመለሰችና «ያ እውነት የሚናገረው ልጅ ይሥራው» አለች። በዚያው ሳምንት አርብ ጠዋት አቡ ሳሚር ጠርቶ የሁለት ዓመት ተጨማሪ ውል አስፈረመኝ። የፖሊሹ ኃላፊ አደረገኝ። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ።

ከሱቁ ወጥቼ በቀጥታ ለአጎቴ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ከማል። ግቢው ፈረሰ፤ ግን ሰንጋ ተራ ጀርባ ሰው ጋራዥ ውስጥ አንድ ጥግ አገኘሁ።»

ስለ ቀለሙ ነገርኳቸው፤ ስስ መሆኑን፣ ከላላው መጀመር እንዳለበት። ከጀርባቸው የጋራዡ ማሽን ሲጮህ ይሰማኛል።

«እኔ እኮ እስኪያብረቀርቅ ነበር የምፈትገው» አሉ።

«እኔም፣ ጋሼ።»

«ያ የሐኪሙ አዲስ መኪና፣ አረንጓዴው፣ ኮፈኑ የተላጠው...»

«አዎ።»

«ፀሐይ ነው ብዬው ነበር። እንግዲህ መጥተህ አስተምረኝ። እስክትመጣ አዲስ መኪና ላይ ማሽን አላሳርፍም፤ ለደንበኞቹም የእኔ ልጅ እስኪመጣ ጠብቁ እላቸዋለሁ። ውልህ የሚያልቀው መስከረም ነው አይደል?»

አዲሱን የሁለት ዓመት ውል አራት አጥፌ ደረት ኪሴ ከትቼዋለሁ።

«ከማል? ትሰማኛለህ? መስከረም በስንት ነው?»

«እሰማዎታለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ለመሆኑ ጤናዎስ እንዴት ነው?»