የኤዶ ፍየሎች መርፌ

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። የሞቱት ፍየሎች ናቸው፤ ሐርጌሳ ውስጥ ፍየል ሞተች ብሎ ታሪክ የሚያወራ የለም። እኔ ግን የመጀመሪያ ዓመት የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ፣ ፍየሎቹንም አውቃቸው ነበር።

26 ጁን በሚባለው ሰፈራችን ከእኛ ጋር አጥር የሚጋሩት ሴት እንደ እኔ ድሬዳዋ ያደጉ ናቸው። ኤዶ እላቸዋለሁ፣ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ሁለታችን ስንሆን በአማርኛ እናወራለን። ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ «ዶክተሯ» እያሉ ያሾፉብኛል። ልጃቸው አራስ ነበረች፤ የምትጠጣው ወተት ከጓሯቸው ፍየሎች ነበር።

በድርቁ ወራት ፍየሎቹ ካርቶን እየበሉ ከረሙ። ሲመሻሽ ከግድግዳ ጋር መጋጨት ጀመሩ። መምህሬን ለምኜ አመጣሁት። አረንጓዴ ነገር ስላጡ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው አለ፤ እሱ እያየ መርፌውን እኔ ወጋኋቸው። ብዙም ሳይቆይ መጋጨቱን ተዉ። ኤዶ ለሰፈሩ ሁሉ አወሩልኝ።

ዝናብ ሲጥል ፍየሎቹን ከከተማ ውጭ እህታቸው ዘንድ ለግጦሽ ሊወስዷቸው አሰቡ። በአጥሩ ላይ ጠሩኝ።

«ዶክተሯ፣ የእኔዎቹ መርፌ ተወግተዋል አይደል?»

«ተወግተዋል፣ ኤዶ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

በሶማልኛ ቢጠይቁኝ ኖሮ «ተላል» ይሉ ነበር፤ ያ ቃል ክትባት ብቻ ነው። በእኛ አማርኛ ግን መርፌ ሁሉ መርፌ ነው። ለምን እንደጠየቁኝ ልጠይቃቸው ይገባ ነበር። ሙገሳው ጥሞኝ ተውኩት። እህታቸው በአካባቢው ፍየሎች እያሳሉ ስለሆነ ያልተከተበ እንዳይመጣ ብላ እንደላከችባቸው የሰማሁት በኋላ ነው።

ፍየሎቹ እያሳሉ ተመለሱ። መምህሬ የፍየል ሳንባ በሽታ መሆኑን ነገረን፤ ለይተን አሰርናቸው፣ መድኃኒትም ሰጠን። ቢሆንም አንድ በአንድ አለቁ፤ የቀረችው አንዲት ነጭ ብቻ ነበረች። ኤዶ የአላህ ውሳኔ ነው እያሉ ሲያጽናኑኝ ጊዜ መቻል አቃተኝና መርፌው ክትባት እንዳልነበረ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ያ መርፌ ምን ነበር?»

«ቫይታሚን።»

«ቫይታሚን እኮ ለልጄም ጤና ጣቢያ ሰጥተዋታል። ተከተብኩ ብላ አላወራችም።» ወደ ነጯ ዞር አሉና፣ «ዶክተሯ ያልኩሽ ለቀልድ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በስሜ ነው የሚጠሩኝ።

ነጯን በየቀኑ እየሄድኩ መድኃኒቷን እሰጣት ነበር። ኤዶ በሩን ይከፍቱልኛል፣ ሰላምታዬንም ይመልሳሉ፣ አጠገቤ ግን አይቆሙም። አንድ ቀን ጠዋት መንገዱ በባንዲራና በዘፈን ተሞልቶ ሳለ ገባሁ፤ ከጓሮው የሳል ድምፅ አልተሰማም። ኤዶ ጆንያ ይዘው ከሞተችው ነጯ አጠገብ ቆመው ነበር። ጆንያውን አብረን አለበስናት። ቀኑ ሰፈራችን የተሰየመለት የነፃነት በዓል ነበር፤ 26 ጁን።