ሰሌን ይዤ ወደ ሁሩታ

ዓርብ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ከቃሊቲ መናኸሪያ የተነሣሁት የራሴን ቀብር ላሰናዳ ነው። ሲጻፍ ያስደነግጣል እንጂ አልታመምኩም። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ደረጃ ላይ ከሚያጉረመርመው ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሐሳቤም ቀላል ነው። ስሞት ሳጥን አልፈልግም፣ ሲሚንቶም አልፈልግም። በነጭ ጨርቅ ተገንዤ፣ በሰሌን ተጠቅልዬ፣ ሁሩታ ባለቤቴ አጠገብ አፈር ልልበስ፤ ከላዬ አንድ ጽድ ይተከል። አያቶቻችን የተቀበሩት እንዲሁ ነው፤ እኔ የፈለሰፍኩት ነገር የለም።

ሥራዬ ደን ነበር። ዕድሜዬን አርሲ ደጋ ላይ ችግኝ ሳፈላ ቆይቼ ጡረታ ወጣሁና አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ገባሁ። ባለቤቴ ዘነበች የሁሩታ ልጅ ነበረች፣ ነርስ። ልጅ አልወለድንም። ከስድስት ዓመት በፊት ስትሞት አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመነችኝ፦ “ዛፍ ትከልብኝ።” እኔ ግን ሰው ምን ይለኛል ብዬ፣ ባለ መስተዋት ሳጥን አስገዝቼ ቀበርኳት፤ ለሙት ዓመቷ ደግሞ መቃብሯን ዙሪያውን በሲሚንቶ አስደፍኜ ሮዝ አበባ ያለበት ሴራሚክ አለበስኩት። መታጠቢያ ቤት አስመሰልኩት። በችግኝ እንጀራውን የበላ ሰው! ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ የምነግረውም ሰው የለኝም።

ዴራ፣ አራት ሰዓት

አዳማ ላይ ሚኒባስ ቀይሬ ዴራ ወረድኩ። ሐምሌ ቢሆንም ዴራ ይሞቃል፤ ካፖርቴን አውልቄ ክንዴ ላይ አንጠለጠልኩ። ሰሌን የምትሸጥ ሴት እንዳለች በሰው በሰው ደርሼበት ነበር። ወይዘሮ ፋጡማ ይባላሉ፤ በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ ከአስፋልቱ ዳር ሰሌንና ገመድ ዘርግተው የሚቀመጡ ሴት ናቸው።

“ለእህል ማስጫ ነው?” አሉኝ።

ለምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ከዚያም አፌን ያዝ ማድረግ አቅቶኝ ስለ ሳጥን ገለጻ ጀመርኩ፤ እንጨቱ፣ ቫርኒሹ፣ ብረቱ አፈር ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ ለአንድ ቀን ለቅሶ ስንት ዛፍ እንደሚወድቅ። ወይዘሮ ፋጡማ ገመድ እየጠቀለሉ ሰሙኝ። ስጨርስ፣ “እኛ ዘንድኮ ሳጥን የለም” አሉ። “ጨርቅ ነው፣ አፈር ነው። አባቴም እናቴም እንደዚያ ነው የሄዱት።” ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው። አፍሬ ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ቁመቴን በዓይናቸው ለክተው ረጅሙን መረጡልኝ። ዋጋው ከአንድ ኪሎ ሥጋ ያንሳል። ጠቅልለው ሲያስሩልኝ፣ “ረቢ ዕድሜ ይስጥዎ፤ ሳይፈልጉት ያርጅ” ብለው መረቁኝ። በኦሮምኛ ገለቶማ ብዬ አመስግኜ ተሰናበትኳቸው።

ወደ አሰላ

ሰሌን ይዞ ሚኒባስ መግባት ያላሰብኩበት ነገር ነው። በሩ ላይ ስደርስ ሲንጫጫ የነበረው መኪና ጸጥ አለ። ረዳቱ ሬዲዮውን አስቀነሰ፣ ጋቢና የተቀመጠው ሰው ወርዶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ከኋላዬ ያሉ ሴት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ “እግዚአብሔር ያጽናዎ ወንድሜ፤ ማን ነው?” አሉኝ።

“ባለቤቴ” አልኩ።

ከስድስት ዓመት በፊት አላልኩም። ሌሎቹም ነፍስ ይማር አሉ፤ አሜን አልኩ። ዘነበች የሞተች ሰሞን እንኳ እንዲህ አልተጽናናሁም፤ ያኔ ድንኳን ስቆጣጠር፣ ወንበር ሳስቆጥር ነበር የዋልኩት። የማይገባኝን ማጽናኛ እስከ ኢተያ ድረስ ጋቢና ተቀምጬ በላሁት። ውጭው የስንዴ አገር ነው፤ ቡቃያው ገና ብቅ ብቅ እያለ ነው። ጭላሎ ከደመና ውስጥ አልወጣም።

አሰላ በዝናብ ተቀበለችን። የባጃጁ ሹፌር ሰሌኑን ጣሪያው ላይ አስሮ በጋሪዎቹ መካከል እየተሹለከለከ አልጋ ቤት አደረሰኝ። የአልጋ ቤቷ ሴትዮ ሰሌኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ክፍሉ ለአንድ ሰው ብቻ እንደሆነ አስታወቀችኝ። ለአንድ ሰው ነው አልኳት። ማታ ሽሮ በልቼ በጊዜ ተኛሁ። በዚህች ከተማ ስንት ዓመት ሠርቼ መንገድ ላይ ስሜን የጠራኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ሁለት ሰዓት

የድሮ ችግኝ ጣቢያዬ ሄድኩ። ባለሙያዋ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ትሁት ሴት ናት፤ እኔን አታውቀኝም፣ እንድታውቀኝም አልተናገርኩም። የት እንደምተክለው ስትጠይቀኝ መቃብር ላይ አልኳት። ክንድ የሚያህል ጽድ መርጣ ከነላስቲኩ ሰጠችኝ፤ ሥሩን ሳልነካ እንድተክለው ደጋግማ መከረችኝ። እሺ እያልኩ ሰማኋት፤ ትላንት ወይዘሮ ፋጡማ እኔን እንደሰሙኝ መሆኑ ነው።

ሁሩታ፣ አራት ሰዓት ተኩል

ወደ ኢተያ ተመልሼ ሁሩታ ገባሁ። በአንድ እጄ ሰሌን፣ በአንድ እጄ ችግኝ፣ ጫማዬ ሙሉ ጭቃ። ባለቤቴ የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ቄስ ሐሳቤን በጥሞና ሰምተው ከባለቤቴ አጠገብ ያለውን ቦታ ፈቀዱልኝ፤ ሴራሚኩንም ያሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ማንሳት እንደምችል ነገሩኝ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን ጠባቂ አቶ ለማን ጠሩልኝ። አቶ ለማ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ግን ዶማ አያያዛቸው የጎልማሳ ነው። ስለ ሳጥኑ ስነግራቸው፣ “ቤተ ክርስቲያን ሳጥን ጠይቃ አታውቅም፤ የሚጠይቀው ለቀስተኛው ነው” አሉኝ።

በእግርጌዋ በኩል ያለውን ሴራሚክና ሲሚንቶ እየተቀባበልን ሰበርነው። ግቢው በሙሉ ጨቅይቷል፤ ሣሩ ውኃ አቁሯል። ከሲሚንቶው ሥር የወጣው አፈር ግን ደረቅ ነበር። በእጄ ዘገንኩት፤ እንደ ዱቄት በጣቶቼ መካከል ፈሰሰ። አምስት ክረምት አልፎ አንድ ጠብታ አልደረሳትም። ዕድሜ ልኬን ለገበሬ አፈር መተንፈስ አለበት እያልኩ የሰበክሁ ሰው ነኝ። እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ። አቶ ለማ ዘወር ብለው ስብርባሪውን ሲለቅሙ ቆዩ።

ጽዱን ተከልነው። ዝናቡ ራሱ አጠጣልን። አቶ ለማ ዶማቸውን በሣር እየጠረጉ፣ “ቦታው ተገኘ፣ ሰሌኑም ተገኘ” አሉ። “ማነው የሚያመጣዎ?”

እድር አለኝ አልኳቸው። ወርሃዊውን በስልክ እንደምልክ፣ አንድም ወር እንዳላጓደልኩ ነገርኳቸው።

“የስንት ሰው ሬሳ ተሸክመዋል?”

“አንድም።”

ዶማቸውን አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ሰሌኑን እንዲያስቀምጡልኝ ብለምናቸው ግን አሻፈረኝ አሉ። “የቆመ ሰው ሰሌን አደራ አልቀበልም። ይዘውት ይሂዱና ይቀመጡበት፤ አዲስ ሰሌን ግትር ነው፣ ሰው ሲቀመጥበት ነው የሚለሰልሰው።”

መመለሻ

ስምንት ሰዓት ላይ ተሳፈርኩ። እስከ አዳማ የአቶ ለማ ጥያቄ ከጎኔ ተቀምጦ ሄደ። ሳጥኑን እምቢ ብያለሁ፣ ሲሚንቶውንም እምቢ ብያለሁ፤ ሰውን እምቢ ብዬ ግን ከአራተኛ ፎቅ ማን ያወርደኛል? ደን ሳለማ የኖርኩት ሰውዬ ራሴ እንደ ብቸኛ ዛፍ ቆሜ ቀርቻለሁ። ዘነበች ብትኖር ይህን ገና ቃሊቲ ሳልደርስ ትነግረኝ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ሰፈሬ ደረስኩ። ደረጃውን ልጀምር ስል ፊት ለፊቴ የሚኖረው ጎልማሳ ዳቦ ይዞ ከኋላዬ መጣ። አራት ዓመት በር ለበር ኖረን ከደህና ዋሉ ያለፈ አልተነጋገርንም፤ ስሙን እንኳ አላውቅም። ሰሌኑን ሲያይ ቆመ፤ ዳቦውን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠና አንዱን ጫፍ ያዘ። ሰሌን ቀላል ነው፤ ለአንድ ሰውም ሸክም አይባልም። ግን አልከለከልኩትም። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወጣን።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ “ማን አርፎብዎ ነው ጋሼ?” አለኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ እንዳደረግሁት ማድረግ እችል ነበር። “ማንም አልሞተም” አልኩት። “የራሴ ነው። ሳጥን ስለማልፈልግ ነው የገዛሁት።”

መራመዱን አቆመ። ጫፉን ግን አልለቀቀም። “ይህን ማን ያውቃል?” አለኝ።

“አንተ።”

ስሙ ዳዊት ነው። ሰሌኑን ሳሎኔ ውስጥ ዘርግተን ተቀመጥንበት፤ እውነትም ግትር ነው። ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝ። ከዚያ የመቃብሩ ቦታ የት እንደሆነ ጠየቀኝና መንገዱን ነገርኩት፦ ከአዳማ ወደ ዴራ፣ ከዴራ ኢተያ፣ ከኢተያ ወደ ግራ ታጥፎ ሁሩታ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አቶ ለማን መጠየቅ፣ ትንሿን ጽድ መፈለግ። እንዳይረሳው እንደገና ነገርኩት። እሱም ቃል በቃል መልሶ ነገረኝ፤ ኢተያ ላይ ብቻ ተሳሳተና አረምኩት።