ሦስተኛው አንድም

ዛሬ ፒያሳ ላይ አንድ ሻጭ አሮጌ ብራና ሲገልጥ ሽታው አያቴን አመጣብኝ። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበሩ፤ የአንዱን ቃል ብዙ ፍቺ «አንድም» እያሉ ይደረድሩት ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ አንድ ወጣት ካድሬ «አባ፣ አብዮት ማለት ምንድን ነው?» አላቸው። ቃሉ ለሰፈራችን እንግዳ ነበር።

አያቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። «አንድም ለውጥ ነው። አንድም የድሃ ተስፋ ነው። አንድም…» ብለው ቁጭ አሉ። እናቴ እጄን ጨመቀችው።

ከስብሰባው ወጥተን ወደ ቀሐ ወንዝ ስንወርድ «ሦስተኛው ምን ነበር?» አልኋቸው።

«ሸጋ ተማሪ እሱን ራሷ ትፈታዋለች።»

ክረምት ላይ የቀበሌ ታጣቂዎች ታላቅ ወንድሜን ከቤት ሲወስዱት ሦስተኛውን ፈታሁት። ፍቺውን ስነግራቸው፣ እንደገና «አንድም…» ብለው አቆሙ።

ብራናውን ገዛሁት። አራተኛውን እስከ ዛሬ እፈልገዋለሁ።