የአክስቴ ላም ይግባኝ

ሁለተኛ ዓመትን ልንጨርስ ጥቂት ሲቀረን፣ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ያለነውን የባዮሎጂ ተማሪዎች በሙሉ አንድ አዳራሽ ሰብስበው ስለ ሥራ ፍለጋ አሠለጠኑን። አሠልጣኟ ማይክ የማያስፈልጋት ሴት ነበረች። «ሲቪያችሁን አውጡ» አለችና በረድፉ መካከል እየተዘዋወረች ታነብ ጀመር። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«‹ማይክሮስኮፕ በሚገባ እጠቀማለሁ› ይላል። ምን አየሽበት?»

«የሽንኩርት ልጣጭ።»

«ሌላስ?»

አሰብኩ። «የራሴን ጉንጭ። ከውስጥ በኩል ተፍቆ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ክረምቱን የትም ግቢ፣ በነጻም ቢሆን ሥሪ» አለችኝ። «ከሽንኩርት ሌላ ምስክር ያስፈልግሻል።»

ያደግኩት ጊንጪ ነው። ጊንጪ ባዮሎጂ የተማረ ሁሉ ሐኪም ነው። ለእረፍት በገባሁ ቁጥር አንዱ የወገቡን ሕመም፣ ሌላዋ እንቁላል መጣል ያቆመች ዶሮዋን ጉዳይ ይዘው ይመጡ ነበር። ሐኪም አይደለሁም ብል «ገና ስላልጨረሰች ነው» ይሉልኛል። ከሁሉም የባሰችው የአባቴ እህት ናት፤ በኦሮምኛው አዳዳ እንላታለን። በመንገድ ማዶ ሆና «ዶክተር!» ብላ ስትጠራኝ የሚያልፈው አውቶቡስ ተሳፋሪ ሳይቀር ዞሮ ያየኛል።

በዚያ ክረምት የገበሬዎች ማኅበር ወተት የሚሰበስብበት ቤት ሄጄ በነጻ ልሥራ አልኩ። ኃላፊው ሁሉም «ኦቦ» የሚላቸው፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። አንድ ቀጭን የመስታወት ዘንግ ከመሳቢያ አወጡ።

«ባዮሎጂ ነሽ፤ ይህንን ታውቂዋለሽ።»

«አዎ» አልኩ። አይቼው አላውቅም። ላክቶሜትር ይባላል፤ ወተት ውስጥ ሲነከር ይንሳፈፋል፣ ወተቱ ውሃ ከተቀላቀለበት ደግሞ ጠልቆ ይገባል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት እሳቸው ለሌላ ሰው ሲያስረዱ ጆሮዬን ጥዬ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት እጄ ተፍታታ። ማለዳ ገበሬዎቹ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ እያሉኝ ይሰለፋሉ፣ እኔ ነጭ ጋዋኔን ለብሼ እነክራለሁ፣ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ አንድ ሐሙስ አዳዳ ጣሳዋን ይዛ መጣች።

«የኔን እንኳ አትንከሪ፣ ዶክተር፤ ገልብጪው» አለች፣ ለሰልፈኛው እንዲሰማ።

ነከርኩት። ዘንጉ ድንጋይ የታሰረበት ይመስል ሰመጠ። አውጥቼ ጠርጌ ደግሜ ነከርኩት። ሰመጠ። ከኋላዋ ያሉት ሰዎች አንገታቸውን ያሰግጋሉ። 

«አዳዳ፣ ይሄ… ትንሽ ቀጠነ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ውሃ አለበት።»

አዳዳ በቸርች የመዘምራን መሪ ናት፤ ድምፅዋን እንዴት ከፍ እንደምታደርግ ታውቃለች። «ዋቃዮ! ክረምት አይደል እንዴ? ላሟ ሙሉ ቀን ዝናብ ላይ ናት፣ ርጥብ ሣር ትበላለች፣ ወንዝ ትጠጣለች! ላሟ ውስጥ ውሃ ቢኖር እኔ ምን ላድርግ?»

ላም የጠጣችው ውሃ እንዲያ በቀጥታ ወደ ጡቷ እንደማይወርድ ላስረዳት ሞከርኩ። «ሁለት ዓመት ተምረሽ የመጣሽው የራስሽን ሥጋ ልታዋርጂ ነው?» አለችኝ። ኦቦ ጣልቃ ገቡ። ዘንጉን አየት አድርገው፣ «ሕጉ ይግባኝ ይፈቅዳል» አሉ። «ነገ ማለዳ ከበረት ድረስ ሄደን፣ ላሟን ዓይናችን እያየ አልበን እንለካለን። ላሟ ትመስክር።»

በማግስቱ እኔ፣ ኦቦና ሦስት ታዛቢዎች በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተትን አዳዳ በረት ደረስን። ታዛቢ ያልተባሉ ሰባት ስምንት ሰዎችም ተከትለውናል። አዳዳ የላሟን ጡት አጥባ አለበች፤ ላሟ ስለ ክሱ ምንም ሳይመስላት ታመነዥካለች። ወተቱ እስኪበርድ ጠበቅን። ነከርኩ። ዘንጉ ከፍ ብሎ ተንሳፈፈ።

ኦቦ ጎንበስ ብለው አነበቡ። «ላሟ ነጻ ናት» አሉ።

ሁሉም አዳዳን አየ። እሷ መሬት መሬት ታያለች። እኔ መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ያደግኩት እሷ እጅ ላይ ነው። በመጨረሻ፣ «የጨመርኩት አንድ ኩባያ ውሃ ብቻ ናት» አለች በቀስታ። «ቤት ላሉት ልጆችም ወተት እንዲተርፍ ብዬ።» ማንም አልሳቀም። ኦቦ «ከነገ ጀምሮ ንጹሑን ታመጫለሽ፣ አለቀ» ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

ለሦስት ሳምንት አላናገረችኝም። «ዶክተር» መባሉም ቀረ፤ ሰላም እንኳ በእናቴ በኩል ነበር። ግን በየማለዳው ንጹሕ ወተት ይዛ ትመጣለች፣ አስለክታም አትሄድም። አጠገቤ ቆማ የሰውን ሁሉ ጣሳ ታያለች። አንድ ቀን አንዷን ሴት ሳልለካ ላሳልፍ ስል፣ «እሷንስ? እኔን ብቻ ነው እንዴ የምትነክሪው?» ብላ ጮኸችብኝ። የመጀመሪያ ንግግራችን ይሄ ሆነ። እየሳቅሁ ነከርኩ፤ እሷም ፊቷን አዙራ ሳቀች።

ከተመረቅሁ በኋላ ብዙ ቦታ አመለከትኩ። እጃጂ ከተማ ለአስተማሪነት ተወዳድሬ ወደቅሁ፤ ሌላ ቦታ የሁለት ዓመት ልምድ አምጪ አሉኝ። በመጨረሻ አንድ የወተት ማቀነባበሪያ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠዋል። መካከለኛው፣ «በሥራ ላይ የገጠመሽን ከባድ ውሳኔ ንገሪን» አለ። ሥልጠናው ላይ ያጠናሁት መልስ ነበረኝ፤ በእንግሊዝኛ፣ ስለ ቡድን ሥራ። አፌ ግን ስለ አዳዳ ጀመረ። በረቱ ጋ ስደርስ አንዷ ጠያቂ መነጽሯን አውልቃ ከሳቅ የመጣ እንባዋን ትጠርግ ነበር።

በሳምንቱ ለጥራት ቁጥጥር ክፍል ተቀጥረሻል የሚል ስልክ መጣ። ጊንጪ ወርጄ ለአዳዳ ነገርኳት፤ እየፈራሁም ቢሆን የእሷን ታሪክ ማውራቴን ጨምሬ። ፊቷ ኮስተር አለ።

«ስሜን ጠራሽ?»

«ኧረ በፍጹም! ‹አንዲት ሴት› ነው ያልኩት።»

«ለምን አልጠራሽም?» አለች። «ሥራውን ያገኘሽው በማን ሆነና!»