ሽማግሌ ያልላከው ባለ ሰይፍ

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ አርብ ከሰዓት በኋላ... ቡታጅራ እኛ ግቢ ውስጥ አንድ ጃፓናዊ ለፍርድ ቀረበ።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ነው። የእህቴ የሀያት የትምህርት ቤት ካርድ መጣ። ከሦስተኛ ወደ አሥራ ስድስተኛ። አባባ ምክንያቱን ፍለጋ የሒሳብ ደብተሯን ሲገልጥ፣ ስሌት መኖር በነበረበት ቦታ ሰይፍ የመዘዘ ልጅ ተሥሎ አገኘ። እውነት ለመናገር ሥዕሉ ጥሩ ነበር። ጥላው ብቻ ትንሽ ይቀረዋል። ይህን በዚያ ሰዓት መናገር ግን ተገቢ አልመሰለኝም።

ለማታውቁት... ማንጋ የጃፓኖች የሥዕል ታሪክ ነው። እኔ እዚህ ቻናል ላይ እየገመገምኩ ከአሥር ነጥብ እሰጠዋለሁ፤ ሀያት ደግሞ ከኔው ስልክ ላይ ታነበዋለች። ስለዚህ ፍርዱ ሁለታችንንም ነካ።

«ስልኩ ሳጥን ይገባል። ቁልፉ እኔ ጋ ይሆናል። አለቀ!»

ሀያት እንባዋ መጣ። እኔም በዚህች ምድር ላይ ያለኝ ብቸኛ ማዕረግ፣ ገምጋሚነቴ፣ ሳጥን ሊገባ ነው። ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባባ በርበሬ ነጋዴ ብቻ አይደለም። መስቃን ውስጥ በድንበር የተጣላም፣ ከሚስቱ የተኳረፈም መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው።

«አባባ» አልኩት አንገቴን ሰበር አድርጌ፤ «ሳይሰሙ መፍረድ በኛ ወግ አለ እንዴ?»

ደብተሩን ከደነ።

«ነገ ከጁምዓ መልስ ታነብልኛለህ። ሰምቼ እፈርዳለሁ።»

አርብ ደረሰ። እማዬና ሀያት የበርበሬ ክምር ከበው ይቀነጥሳሉ። አባባ በርጩማው ላይ ተሰይሟል። እኔ በርበሬ ያልነካ እጅ ያለኝ ብቸኛ ሰው ስለሆንኩ ስልኩን ይዤ፣ ሥዕሉን እያሳየሁ፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነባለሁ። የመረጥኩት አሥር ከአሥር የሰጠሁትን ነው። አባቱ የተገደለበት ልጅ፣ ገዳዩን ባለ ጠባሳ ሰውዬ ሰይፍ ይዞ ያሳድዳል። ተራራ ላይ ደረሰበት። ነፋስ ፀጉሩን ይበትነዋል። ድምፄን አጎረነንኩና «የአባቴን ደም ልመልስ መጥቻለሁ!» አልኩ።

«ቆይ» አለ አባባ። «ሽማግሌ ልኳል?»

«ማን?»

«ልጁ ነዋ! ሰይፍ ከመምዘዙ በፊት ሽማግሌ ልኳል ወይ?»

«እ... አልላከም።»

«አጎት የለውም? ጎረቤት የለውም? ብቻውን ተራራ ላይ ምን ይሠራል?»

«እናቱስ?» አለች እማዬ ከበርበሬው ቀና ብላ።

«ሞታለች።»

«ምስኪን። እኔም ይሄ ፀጉር አበጣሪ አጥቶ ነው ብያለሁ።»

በዚህ መሀል የአባባ ጓደኛ ሀጂ ሸምሱ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገቡ። አባባ የሀያትን አሥራ ስድስተኛ መውጣት ነገራቸው፤ ቀጥሎም ልብ ወለድ ነው ሳይላቸው የሰይፉን ነገር አስረዳቸው። ከሳሽ እንዲህ፣ ተከሳሽ እንዲህ...

«የአረቅጥ ሰዎች ናቸው?» አሉ ሀጂ።

«ከዚያ ትንሽ ይርቃል» አልኩ። «ጃፓን ናቸው።»

«ጃፓንም ቢሆን የአደም ልጅ ነው። ተከሳሹ ምን አለ?»

«ገና አልተናገረም ሀጂ። ግን ክፉው እሱ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«ከሳሹ።»

ሀጂ አባባን አዩት። አባባ መሬት መሬት አየ። በኔ አፍሯል።

«ደግሞ እዩት» አልኩ ስልኩን አስጠግቼ፤ «ጥቁር በጥቁር ነው የለበሰው!»

ሀጂ ቀስ ብለው የራሳቸውን ጥቁር ኮት ቁልፍ ዳሰሱ። እኔም ቀስ ብዬ ስልኩን መለስኩ።

ይሄኔ ሀያት ከክምሩ ማዶ ሆና፣ እየፈራች ተናገረች።

«የልጁ አባት እኮ ወንዙን ወደ ራሱ እርሻ ጠልፎት ነበር። የባለ ጠባሳው መንደር በውሃ ጥም አለቀ። ገጹ ጥግ ላይ፣ በትንሹ ተሥሏል... የደረቀ ጉድጓድና ሦስት መቃብር።»

ወደ ኋላ ሄጄ አየሁ። አለ! ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ ገምግሜዋለሁ። ለካ ስገመግም የኖርኩት ሰይፉን ነው።

«ሱብሃነላህ» አሉ ሀጂ። «እንዲህ ዓይነት ዓይን ያላት ልጅ እንዴት አሥራ ስድስተኛ ወጣች?»

አባባ ጉሮሮውን ጠረገ። ለትልቅ ፍርድ ብቻ የሚጠቀምበት ጉሮሮ አለው።

«ጉዳዩ ለሚቀጥለው አርብ ተቀጥሯል። ተከሳሹም ይሰማል። እስከዚያ ስልኩ ሳጥን አይገባም። ሀያት ምስክር ናት... የሒሳብ የቤት ሥራዋን ሳትጨርስ ግን ቃሏ አይያዝም።»

ሀያት እጇ በርበሬ መሆኑን ረስታ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው በደስታ ይሁን በበርበሬው እስከ ዛሬ አልተጣራም።

አሁን ሦስተኛ አርብ ላይ ነን። ሽማግሌዎቹ አምስት ደርሰዋል። ሀያት ሐሙስ ማታ ስሌቷን ጨርሳ ታድራለች። እኔ አሥር ከአሥሬን በይፋ ሰርዣለሁ፤ «ታዲያ ስንት ሰጠኸው?» ለምትሉኝ... ጉዳዩ በሽምግልና ላይ ስለሆነ አስተያየት አልሰጥም።

ጭንቀቴ ሌላ ነው። ነገሩ ካለቀ የስልኩ ቀጠሮም ያልቃል፤ ሳጥኑ ይጠብቀዋል። ደራሲው ደግሞ በሚቀጥለው ምዕራፍ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጣለሁ ብሏል። አባባና ሀጂ በእርቅ እንዲያልቅላቸው ዱዓ እያደረጉ ነው። እኔና ሀያት ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለንና... ትንሽ እንዲዋጉ።