በእንዶድ የታጠብኩበት ሰሞን

ቡታጅራ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶቹ ክፍል ስገባ መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው። ከእንሰት ቃጫ የተሠራ ጅባ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ትጠርጋለች። የጤና ጣቢያው ነርስ ነበረች። ባሌ በየገበያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሄድ ነበር። ሲጠየቅ ራሴን ያመኛል ይላል።

ጭሰኞቹን አሰባስቦ በባለርስቱ ላይ አቤት በማለቱ ይፈለግ ነበር። እሱን ሲያጡት እኔን ወሰዱ፤ ልጆቼ እናቴ ዘንድ ቀሩ። እሷን ያመጧት የተደበደቡትን ጭሰኞች በድብቅ አክመሻል ብለው ነው። ባሌ የተደበቀበትን ቤት አውቃለሁ። የሚመረምረኝ አስር አለቃ ማወቄን ጠርጥሯል።

«አንቺ ለእሱ ትሰቃያለሽ፣ እሱ ግን ከነርሷ ጋር ሲጫወት ነው የከረመው» አለኝ። «ያለበትን ንገሪኝና ወደ ልጆችሽ ሂጂ።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ ዓይኔን ከነርሷ እጆች መንቀል አቃተኝ። ለስላሳ ነበሩ። የእኔ እጅ እንሰት ሲፍቅ የኖረ ነው።

በዚያው ሰሞን ብልቴን ያሳክከኝ ጀመር። ነጭ፣ እንደ አይብ ያለ ፈሳሽም አየሁ። ጨብጥ ነው አልኩ። ከእሷ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ። እናቴ ነጠላዬን እንዳጥብበት እንዶድ ልካልኝ ነበር። ያደፈ ልብስ ካነጣ እኔንም ያጠራኛል ብዬ እየበጠበጥኩ ውስጤን ታጠብኩበት። ሲያቃጥለኝ ባሌን እረግማለሁ፤ ከዚያ ደግሜ እታጠባለሁ። በመጨረሻ፣ በማግስቱ ጠዋት ሲጠሩኝ የተደበቀበትን ቤት ልነግራቸው ቆረጥኩ።

ነርሷ ስታየኝ ኖሯል። «እትዬ፣ በእንዶዱ ምንሽን ነው የምታጥቢው?» አለችኝ።

«ያንቺን በሽታ» አልኳት።

አልተቆጣችም። ስለ ሽታው፣ ስለ መልኩ ጠየቀችኝ። ከዚያ ከመጥረጊያው አንድ ጭራሮ መዝዛ መሬቱ ላይ ሣለችልኝ። ያን ሁሉ ልጅ ወልጄ የሽንት መውጫና የልጅ መውጫ አንድ ይመስለኝ ነበር። ለየብቻ አሳየችኝ፤ ማህፀኑንም ከላይ አደረገችው። የሚታጠበው የውጭው ብቻ ነው፣ እሱም በንጹህ ውሃ፣ ውስጡ ራሱን ያጸዳል አለች። «እንዶዱ ግን እያቆሰለሽ ነው። ማሳከኩም ወንድ ያልነካትን ሴት ሳይቀር ይይዛል» ስትል ጨመረች።

«ታዲያ ባሌ አላደረገም ማለት ነው?»

«እሱን ይሄ በሽታ አይነግርሽም፣ እትዬ።»

ባሌ ጤና ጣቢያ ምን ሊያደርግ ይመጣ እንደነበር ጠየቅኳት። ወደ በሩ ዘብ አየት አድርጋ ሥዕሉን በመዳፏ አበሰችው። ዝምታዋ ከእንዶዱ በላይ አቃጠለኝ። ምንም የለም ብላ ብትምልልኝ ግን አላምናትም ነበር፤ ስላልማለች ስለ እንዶዱ ያለችውን አመንኩ።

የቀረውን እንዶድ ደፋሁት።

ጠዋት አስር አለቃው ያንኑ ጠየቀኝ። የቤቱ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«ባለቤቴ የት እንዳለ አላውቅም» አልኩት።

«ነርሷስ ምንሽ ናት?»

«ሐኪሜ ናት።»

ስፈታ መድኃኒት ተሰጥቶኝ ዳንኩ፤ ባሌም ነገሩ ሲበርድ ከተደበቀበት ወጥቶ ቤቱ ገባ። ሴቶች ልጆቼ ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ እያንዳንዳቸውን ጓሮ ወስጄ መሬት ላይ በጭራሮ ሣልኩላቸው። አንድ ቀን ባሌ ደርሶ አየን።

«ይሄን ከማን ተማርሽ?» አለኝ።

«እስር ቤት» አልኩት።

ከማን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም። አሁን ሁለታችንም ሸምግለናል። የገበያ ቀን ከዘራውን ይዞ ሲወጣ ግን፣ መንገዱ ታጥፎ እስኪሰውረው ድረስ ደጃፍ ቆሜ አየዋለሁ።