በግራ እጅ የተፈተለ ጋቢ

ዑስማን ሸማኔ በሕይወቱ ያልጠገበው ነገር ቢኖር ምስጋና ነበር። ቡሬ ውስጥ ከእሱ እጅ ያልለበሰ ሰው ጥቂት ነው። ሙሽራ የሚሞሸርበትን ኩታ፣ ቄስ ለበዓል የሚያጣፉትን፣ ሟች የሚከፈንበትን ሳይቀር የሚሠራው እሱ ነው። ታዲያ ያንኑ ኩታ ለብሶ በደጁ የሚያልፈው ሰው፣ የተጣሉ ቀን "ቁጢት በጣሽ" ብሎ በሸማኔነቱ ሰድቦት ይሄዳል። ዑስማን መልስ አይሰጥም። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ፣ ዓይኑን ድሩ ላይ ተክሎ፣ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ እየሰደደ ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ኖረ።

ጣልያን ቡሬ ገብቶ ምሽጉን ኮረብታው ላይ ከሠራ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ከተማው ላይ ላዩን ሲያዩት የድሮው ነው። ገበያው ይቆማል፤ ከአዊ በኩል ማር ይመጣል፤ የዑስማን ሚስት ዘሀራ ጥጥ ዘርግታ ትሸጣለች፤ ደወሉም አዛኑም በየሰዓታቸው ይሰማሉ። ግን ሰው ሲያወራ ዓይኑ በር በሩን ነው። ወደ ገጠር የሚወጣ ሁሉ ኬላው ላይ ወረቀት ያሳያል። ከአርበኛ ጋር ተላልኳል የተባለ ቤቱ ይቃጠላል። በጥቅምት ሁለት ቤት ተቃጥሎ፣ ታኅሣሥ ገብቶም አመዱን የሚጠርገው ጠፍቷል፤ የጠረገ ዘመድ ነው እንዳይባል።

ከዑስማን ቤት በአንድ አጥር ተለይታ የምትኖረው እማዋይሽ ናት። ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። የሰባት ወር ልጇን ታቅፋ ከአማቷ ከእመት ሀብትነሽ ጋር ትኖራለች። ባሏ ባዬ "ጨው ሊነግድ ወለጋ ተሻግሮ እዚያው ቀረ" ተብሎ ምሽጉ መዝገብ ላይ ተጽፏል። ልጁ በተወለደ በሁለተኛው ወር ዱር መግባቱን ግን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ያውቃል እንጂ አይናገርም።

እማዋይሽን የመሰለ ፈታይ በከተማው የለም። ክሯ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ጉብ ጉብ አይልም። አንድ ነገር ብቻ አለባት፤ በግራ እጇ ትፈትላለች። እናቷ በግራ እጇ እንዳትበላ ቀጥታ መልሳታለች፤ እንዝርቱን ግን ከግራ እጇ ማስጣል አልቻለችም። በግራ የተሾረ ክር የሚከረው በተቃራኒው ነውና፣ ከሌላ ክር ጋር ከተቀላቀለ ጨርቁ ይጣመማል። ስለዚህ ዑስማን የእሷን ምንጊዜም ለብቻው ይሸምነዋል።

አንድ ረቡዕ ረፋዱ ላይ የምሽጉ አስተርጓሚ ታከለ ወደ ዑስማን ቤት ገባ። ከደምበጫ በኩል የመጣ፣ አንደበቱ ለስላሳ ሰው ነው። በር ላይ ቆሞ መጣራት ልማዱ ሲሆን፣ ያን ቀን ገብቶ ተቀመጠ። ጋቢ ማሠራት እንደሚፈልግ፣ እጀ ብልሃተኛው ማን ነው ብሎ ቢጠይቅ ሁሉም ወደዚህ እንደላኩት አወራ። ከካፖርቱ ኪስ አንድ ክንድ የምታህል ቁራጭ ጨርቅ አወጣ። በዛፍ ቅርፊት ተነክራ መልኳ ዳለቻ ሆኗል።

"አያ ዑስማን፣ እርስዎ ክር አይተው ብዙ ያውቃሉ ይላሉ። እስኪ ከዚህች ምን ያያሉ?" አለው።

ዑስማን በአርባ አምስት ዓመቱ ከሹም ቤት ሰው አፍ "እርስዎ" ሲባል የመጀመሪያው ነው። ከተተረተረው ጫፍ አንድ ክር መዞ ወደ ብርሃኑ አዞረ። ጥጡ የቆላ መሆኑን ነገረው። ፈታይዋ ባለሙያ መሆኗን ነገረው። ምላሱ አንዴ ተፈቷልና፣ በግራ እጇ የምትፈትል መሆኗንም ጨመረለት።

"በምን አወቅህ?" አለ ታከለ። "እርስዎ"ው ቀርቷል፤ ዑስማን ግን ልብ አላለም። በሁለት ጣቱ ይዞ እያሾረ አሳየው። የቀኝ እጅ ክር ወደ ግራ ሲያሾሩት ይፈታል፤ የግራ እጅ ክር ግን ጭራሽ ይከራል። ታከለም ተቀብሎ ሞከረው፤ ከረረ።

ዑስማን የአሸማመኑን ጥራት ሊያሳየው ቁራጯን ገለበጣት። ያን ጊዜ ዳሯን አየ። በዳሩ ያሉት ሦስት ክሮች ተደርበዋል። እንዲህ የሚደርብ ሸማኔ ከደምበጫ እስከ ቡሬ አንድ እሱ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ለባዬ የሸመነው ጋቢ ነበር።

ታከለ ቁራጯን መልሶ ኪሱ ከተተ። በጅጋ መንገድ ላይ ሽፍቶች በካሚዮን ላይ እንደተኮሱ፣ አንዱ ሲያመልጥ ጋቢው እሾህ ላይ እንደቀረ ነገረው።

"ሰውየው አመለጠ፤ ጋቢው ግን አላመለጠም" አለ እየተነሳ። "ቅዳሜ የከተማው ሴት ሁሉ እንዝርቷን ይዛ ገበያ ትወጣለች። አንተም ተቀምጠህ ታሳየናለህ። የሸመነው ማን እንደሆነ ደግሞ ፈታይዋ ራሷ ትነግረናለች።"

ዘሀራ ከጓሮ ስትመለስ የዑስማንን ፊት አይታ ጠየቀችው፤ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ዘሀራ የምትጮህ ሴት አይደለችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ "ሠላሳ ዓመት ዝም ያልክ ሰው፣ ምላስህ የሚፈታው ዛሬ ነበር?" አለችውና አጥሩን ዞራ ወደ እማዋይሽ ሄደች።

ሦስቱ ሴቶች ተማከሩ። መሸሽ አይሆንም፤ ኬላው አያሳልፍም፤ እመት ሀብትነሽም ከደጅ እስከ አጥር የሚሄዱት በምርኩዝ ነው። መቅረትም አይሆንም፤ ስሟ ከነቤቷ መዝገብ ላይ አለ። የቀረው አንድ መንገድ በቀኝ እጅ መፍተል ነበር፤ እሱንም በሦስት ቀን።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ዘሀራ ከጓሮ ተቀምጣ ታስተምራት ጀመር። እንዝርቱ በቀኝ ጭኗ ላይ አልሾር አለ። ክሩ እዚህ ጋ ይበጠሳል፣ እዚያ ጋ እንደ ባቄላ ይጎብጣል። ሐሙስ ማታ እማዋይሽ እንዝርቱን አስቀምጣ፣ "እትዬ ዘሀራ፣ ይሄ እጅ የኔ አይደለም" አለች።

"እስከ ቅዳሜ ያንቺ ይሁን" አለቻት ዘሀራ።

ዓርብ ዕለት ዑስማን ባዘቶ ይዞ ወደ ጓሮው መጣ። እማዋይሽ እንደምትሰድበው ተዘጋጅቶ ነበር፤ አልሰደበችውም። ልጇን እያጠባች፣ ነገ ክሯ እጁ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚል ብቻ ጠየቀችው። በግራ የተሾረውን ቀኝ ነው ቢል ታከለ ይነቃበታል፤ መለየቱንም ራሱ ዑስማን አስተምሮታል። እመት ሀብትነሽ ግን በቀኝ የሚፈተለው ክር መበላሸት ሌላ ጣጣ እንደሚያመጣ ቀድሞ ገብቷቸዋል። ባለትዳር ሆና እንዲህ የምትፈትል ሴት ማን ያምናታል? "እሱን ለኔ ተውልኝ" አሉ።

ቅዳሜ ጥዋት ስልሳ የሚሆኑ ሴቶች በገበያው ዳር ከዋርካው ሥር በረድፍ ተቀመጡ። ክርስቲያኖቹ በቅዳሜ ሰንበት እንዝርት አይሾርም ብለው አጉረመረሙ፤ ኃጢአቱ በአዘዘው ይሁን ተባብለው ቁጭ አሉ። የጣልያኑ ሹም ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ዘቦቹ ከነጠመንጃቸው ቆመዋል። ዑስማን ከታከለ ጋር ከአንዷ ወደ አንዷ እየሄደ ክሩን ያሾራል፣ "ቀኝ" ይላል፣ ያልፋል።

ከስልሳዎቹ ጋቢው የማን ፈትል እንደሆነ የማታውቅ አልነበረችም። አንዷም ግን ወደ እማዋይሽ ዞራ አላየችም። ዑስማንን ያስፈራውም ይኸው ነው፤ ስልሳ ሴት አንድ ቦታ አለማየቷ ራሱ እንዳያስታውቅ።

እማዋይሽ ጋ ሲደርሱ ታከለ ቆመ። ጉብ ጉብ ያለውን ክር አየና ባል እንዳላት ጠየቃት። ወለጋ መሄዱን ነገረችው።

"እንዲህ እየፈተልሽ ምን ለብሶ ሄደ?"

ከእሷ በፊት እመት ሀብትነሽ አፋቸውን ከፈቱ። "ምን ይለብሳል ጌታዬ? ከአገር ያባረረችው እኮ ይቺው ናት። ሙያ አላት ብለው ሸንግለው ሰጡኝ፤ ልጄን እንደ እረኛ ደበሎ አልብሼ ሸኘሁት።"

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ ከኋላ፣ የአህያ መጫኛ ያጣ ሰው እማዋይሽ ጋ እንደሚልክ ጣል አደረገች። ሳቁ ባሰ። የእማዋይሽ ዓይን እንባ ሞላ፤ እንባው የውሸት አልነበረም። ከዚህ ሁሉ ሰው ፊት ከሙያ ውጭ ሆና መሳቂያ መሆን፣ ለዳነ ሰውም ቢሆን የሚረሳ ነገር አይደለም። ሹሙ ምን እንደሚያስቃቸው ለማወቅ ታከለን ጠራው፤ ታከለ ሊያስረዳው ሄደ።

ልጁ ያን ጊዜ አለቀሰ። እማዋይሽ በቀኝ ክንዷ አቅፋ ጡቷን ሰጠችው። ግራ እጇም ባዶውን መቀመጥ አያውቅምና፣ እንዝርቱን አንስቶ በግራ ጭኗ ላይ አሾረው። አንድ ስንዝር የሚሆን፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ወጣ። ያደረገችውን ያወቀችው ክሩ ከወጣ በኋላ ነው። ዑስማን አይቷል። ታከለ እየተመለሰ ነው።

ዑስማን እንዝርቱን ከእጇ ተቀበለና ጫፉን ሳብ አደረገ።

"ይቺን እኔ ልያት" አለ ታከለ፤ እጁን ዘረጋ።

ረቡዕ ዕለት ዑስማን ሁሉን አላስተማረውም ነበር። የከረረ ክር ታጥፎ ሲለቀቅ በራሱ ላይ ይጠመጠማል፤ የሚጠመጠመውም ከተሾረበት በተቃራኒው፣ የግራው እንደ ቀኝ ነው። ይህን ማንኛውም ሸማኔ ያውቃል፤ ከሸማኔ ውጭ የሚያውቀው የለም። ዑስማን ጥንካሬውን እንደሚፈትን ሰው ክሩን አጠፈው፣ ላላ አደረገው። ክሩ በራሱ ላይ ተጠመጠመ፤ ውፍረቱም ከቀረው ጋር ተመሳሰለ። መታጠፊያውን በጥፍሩ ይዞ አቀረበለት።

ታከለ ወደ ግራ አሾረው። ተፈታ።

"ቀኝ" አለ ራሱ ታከለ፤ አለፈ።

ረድፉ እስኪያልቅ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። በግራ የፈተለች አልተገኘችም። ሹሙ ተሰላችቶ ተነሳ፤ ወጀት ሂዱና እዚያ ፈልጉ ብሎ ሄደ። ያን ጊዜ ወጀት የምትባለው የዛሬዋ ፍኖተ ሰላም ናት። ታከለ ተናዶ ወደ ዑስማን ዞረ።

"አንተ ቁጢት በጣሽ፣ ረቡዕ ያወራኸው ሁሉ ወሬ ነው?"

ስልሳዎቹ ሴቶች ይሰማሉ። ዑስማን አንገቱን ደፋ። "ይሆናል ጌታዬ፤ ሸማኔ ሲያመሰግኑት ያበዛል" አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እማዋይሽ ሙሉ ሙዳይ ልቃቂት ይዛ መጣች። ሁሉም በቀኝ እጅ የተፈተለ፣ ሁሉም ጉብ ጉብ ያለ። "አያ ዑስማን፣ ውጭ ለሚያድር ሰው ብርዱ ጠንቷል" አለች። ዑስማን እንዲህ ያለ ክር ይዞ የመጣን ሰው ሳያስቀምጥ የሚመልስ ሰው ነበር። ተቀበላት።

ድሩን ሲዘረጋ እጁ እንደ ልማዱ በዳሩ ያሉትን ሦስቱን ክሮች ሊደርብ ሄደ። መለሰው። አንድ በአንድ ነጠላቸውን ሰደዳቸው።

ሥራው አስለቃሽ ነበር። ጉብታው እየተያዘ ድሩ ይበጠሳል፤ ይቀጥላል፤ ደግሞ ይበጠሳል። በሦስተኛው ቀን አንድ የቆየ ደንበኛው በበሩ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ አየና፣ ምነው አያ ዑስማን፣ እጅዎ ደከመ እንዴ ብሎ ጠየቀው።

ዑስማን ቀና አላለም። "አዎ፣ ደክሟል" አለና መወርወሪያውን ወረወረ።